ውርጭ ባደረ ጠዋት ስኳር መለካት፦ ከደብረ ብርሃን የጠየቅኩትና የመጡት ምላሾች

ወገኖች፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናቴ ስኳር ካለባት 7 ዓመት ሆናት። ኢንሱሊን ትወጋለች። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊቱን ውርጭ ሲወርድ አደረ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጣቷን ወጋሁ። ደሙ እንኳ እምቢ ብሎ ጨምቄ ነው ያወጣሁት። መለኪያው ቁጥር አልሰጠኝም። የቴርሞሜትር ምልክት አብርቶ ጠፋ። ሌላ ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበትን መመርመሪያ) ብሰካም ያው ሆነ። ምድጃው ተያይዞ ቤቱ ሲሞቅ 214 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያ ወስጃት ስትለካ 163 ወጣ። በመሃል ምንም አልቀመሰችም። መርፌዋንም አልወጋችም።

የትኛውን ልመን? በ214 ሂሳብ ወግቻት ቢሆንስ? ስኳር ወርዶ ሰው ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያስፈራል። በየጊዜው ደግሞ አዲስ ምርምር ወጣ ይባላል። በላብ ስኳር የሚለካ፣ ብርድ የማይበግረው ባትሪ፣ ቀጭን የፀሐይ ሰሌዳ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ ቤት የሚሆነው የቱ ነው?

ይህን ከለጠፍኩ 6 ቀን ሆነ። 23 ምላሽ መጣ። የምላሾቹ ክር ስለረዘመ ከላይ ጀምሮ ማንበብ የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። ስለዚህ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አላመጣም፤ የተባለውን በራሴ አነጋገር ነው የማስቀምጠው።

ቁጥር 1፦ አንድ ወንድም በመጀመሪያ ለእናቴ ምሕረት ተመኘ። ቀጥሎ ባትሪዋን እንድቀይር መከረኝ። መለኪያው ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታህል የሊትየም ባትሪ ብርድ ሲነካት ጉልበቷ ይደክማል። እውነት ነው። ቀየርኩ፤ ለውጥ ግን አላመጣም።

ቁጥር 2፦ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት። ክሩ ጸንቶ እንዲቆም ያደረገችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። የስትሪፑ ጫፍ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ደርቆ ተቀምጧል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል ሻጋታ ነው። ደም ሲነካው ኢንዛይሙ ከስኳሩ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ኤሌክትሮኑ በአቀባይ ኬሚካል በኩል ኤሌክትሮዱ ላይ ይደርሳል። መለኪያው የሚያነበው ያቺን ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ስኳሩ ሲበዛ ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ሐሳቡን ያመነጩት ሊላንድ ክላርክና ቻምፕ ላዮንስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962።

ብርዱን የገለጸችበት መንገድ ደግሞ ቶሎ ገባኝ። ኢንዛይም እንደ እርሾ ነው። በክረምት ሊጥ አልቦካ ብሎ ሦስት ቀን የቆየባት እናት ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም። ሲበርድ ይሰንፋል። መለኪያው በሆዱ ሙቀት የሚያነብ ነገር አለውና ሂሳቡን ሊያስተካክል ይሞክራል። ግን መለኪያው ቀዝቅዞ ስትሪፑ ሲሞቅ፣ ወይም ስትሪፑ ቀዝቅዞ መለኪያው ሲሞቅ፣ ማስተካከያው ራሱ ይሳሳታል። ብዙዎቹ መለኪያዎች ከ10 ዲግሪ በታች ጨርሶ አይሠሩም። ስለዚህ የቴርሞሜትሩ ምልክት ብልሽት አልነበረም። መሣሪያው ከመዋሸት ዝምታን መርጦ ነው። የሚያሳስበው፣ ቤቱ ሲሞቅ ቸኩዬ ያገኘሁት 214 ነው። መለኪያውም ስትሪፑም አንድ ክፍል ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ አብረው መቆየት ነበረባቸው።

ቁጥር 3፦ ሌላ ሰው መለኪያው የት እንዳደረ ጠየቀኝ። መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። የስትሪፑ ቆርቆሮም አብሮት። ክዳኑ በደንብ አልተገጠመም። ይህን ስጽፍ አፈርኩ። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር አለ፤ ክፍት ካደረ ስትሪፑ አየር ይጠጣና ይበላሻል። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የነገረን አልነበረም።

ቁጥር 4፦ ከፍታውም አለበት የሚል ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ኤሌክትሮኑን ለአቀባዩ ኬሚካል ብቻ ሳይሆን ለኦክስጅንም ይሰጣል። ሁለቱ ይሻማሉ። ደም ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ለመለኪያው የሚተርፈው ይበዛና ቁጥሩ ወደ ላይ ሊሳብ ይችላል። ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ በሚባለው ሌላ ኢንዛይም የተሠሩ ስትሪፖች ግን ኦክስጅን አይነካካቸውም። ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው እነሱ ይሻላሉ ማለት ነው። መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የትኛው ኢንዛይም እንደሆነ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ አንብቡ። እኔ አንብቤ አላውቅም ነበር።

ቁጥር 5 እና 6፦ 5ኛው በከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ወፍራም ስለሚሆን መለኪያው ዝቅ አድርጎ ያነባል አለ። መነሻው ልክ ነው፤ ቀይ የደም ሴል ሲበዛ ብዙ መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። 6ኛው ግን በትሕትና አረመው። ሲንቲያ ቢል የሚባሉ አጥኚ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄሞግሎቢናቸው (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደም እንደሚወፍረው የእኛ ሰው ደም አልወፈረም። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ራሳችን ደም የተጻፈ ነገር ነውና።

ቁጥር 7፦ ከአንኮበር የጻፈች እህት የአባቷን ነገር ነገረችን። አንድ ቀን ጠዋት መለኪያው ከ400 በላይ አለ። ቤተሰቡ ተደናግጦ ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው መኪና ፍለጋ ወጣ። ልጅቷ የአባቷን እጅ ስትይዝ ጣታቸው ያጣብቃል። ለካስ ጠጅ ሊጣል ማር ሲበጠብጡ ነበር። በሳሙና አስታጥባ ስትለካቸው 130 ሆነ። ለኢንሱሊን ተጠቃሚ ይህ ስሕተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሌላም ነገር ጨመረችልኝ። ጣት በብርድ ጊዜ አይጨመቅም፤ ሲጨመቅ ከሥጋው የሚወጣ ውኃ ደሙን ያቀጥነዋል። እጅን በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ክንዱን ወደ ታች ወርወር ማድረግ በቂ ነው። አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው።

ቁጥር 8፦ መለኪያውን ምድጃ ሥር አስቀምጠው የሚል ምክር መጣ። ከልብ ነበር።

ቁጥር 9፦ ከዚህ ጀምሮ ድምፁ ከፍ አለ። 9ኛው ሰው 8ኛውን ክፉኛ ነው የገሠጸው። ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጥ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ካልቻልክ አትምከር እስከማለት ደረሰ። ቃሉ ከበደኝ። ነገሩ ግን ትክክል ነው። አያይዞም ስለ ኩበት ጭስ አነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ሳንባ ብቻ ሳይሆን ልብም ይጎዳል። ስኳር ያለበት ሰው ልቡ አስቀድሞ አደጋ ላይ ነው። እናቴ በየቀኑ ጠዋት ጭሱ ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ይህን አስቤው አላውቅም።

ቁጥር 10፦ ከመሐል ሜዳ የሆነ መምህር ነው። መንዝ ከኛም ይብሳል፤ ወደ ጓሳ ጠርዝ ሲወጣ ማታ ማታ ባናና በርኖስ ተደራርቦም አይበቃም። ተማሪዎቹ በፀሐይ የሚሞላ መብራት አላቸው። መብራቱ የሚያድረው ከፓነሉ ጋር እንደተሰካ ጣራ ላይ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እየደከመ ሄዶ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል እንኳ አልቆይ አለ። ይህም የብርድ ጣጣ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚህ በኋላ ክሩ ከስኳር ወጣ። እኔ አልከፋኝም። ጥያቄው የእኔው ጥያቄ ወንድም ነው።

ቁጥር 11፦ በብርድ አገር ፀሐይዋ ስለምትደክም ጥፋቱ የፓነሉ ነው አለ።

ቁጥር 12፦ ይህ ሰው የፀሐይ ዕቃ የሚጠግን ነው። 11ኛውን ገለበጠው። የሲሊከን ፓነል ብርድ ይስማማዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ኃይል ያጣል፤ ሲቀዘቅዝ ያገኛል። የመንዝ ፀሐይ ከቆላው ፀሐይ የተሻለ ታመርታለች ማለት ነው። ብርድ የሚጠላው ባትሪው ነው። ሊትየም ባትሪ ሲሞላ የሊትየሙ ቅንጣቶች ግራፋይቱ (ባትሪው ውስጥ ያለው የካርቦን ክፍል) ውስጥ መግባት አለባቸው። ከ0 ዲግሪ በታች መግባቱ ይከብዳቸውና ላዩ ላይ እንደ ብረት ሽፋን ይለጠፋሉ። የተለጠፈው አይመለስም። ባትሪው በየጠዋቱ ጥቂት ጥቂት ይሞታል። ስለዚህ ፓነሉ ጣራ ላይ ይሁን፤ መብራቱ ግን ቤት ውስጥ ይደር፣ ፀሐይዋ ከሞቀች በኋላ ይሰካ። ሽቦው የሚያጥር ከሆነ ረፋድ ላይ ይወጣል። መምህሩ በማግስቱ ለተማሪዎቹ እንደነገራቸው ጽፏል።

አዲስ ምርምር ላልኩትም መልስ ሰጠኝ። በሳይንቲስቱ በጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የብረት ፎስፌት ዓይነት ባትሪ ዛሬ በየፀሐይ መብራቱ ውስጥ ይገኛል። ርካሽና ለእሳት የማይቸኩል ነው፤ ብርድ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ጉዲናፍ ከዊቲንግሃምና ከዮሺኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል ወስደዋል። አሁን እየመጣ ያለው በሶዲየም የሚሠራው ነው። ሶዲየም ከጨው የሚገኝ ስለሆነ እጥረት የለውም፤ ብርድንም ከብረት ፎስፌቱ በተሻለ ይችላል። ገበያችን ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ገዢ መንዝ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቁጥር 13 እና 14፦ ፔሮቭስካይት የሚባለው አዲስ ዓይነት የፀሐይ ሰሌዳ ሲሊከንን ሊያስረሳው ነው ብሎ አንድ ወጣት በደስታ ጻፈ። ደስታው ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 3.8 በመቶ ብቻ ነበር ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው። በ2024 ከሲሊከን ጋር ተደርቦ 34.6 በመቶ ደርሷል። 14ኛው ሰው ግን እርጥበት እንደሚያፈርሰውና ውስጡ እርሳስ እንዳለበት አስታወሰ። የክረምቱን ዝናብና የጣርማበርን ጉም የሚያውቅ ሰው ይህን ይጠይቃል። ሰሌዳው ተሰብሮ እርሳሱ ጓሮ ውስጥ ቢገባ ማን ይሰበስበዋል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ።

ቁጥር 15፦ ተቆጣ። ሰውዬው ስለ እናቱ ጠየቀ፣ እናንተ ስለ ጣራ ታወራላችሁ አለ። ስለ እኔ ብሎ ነውና አመሰግነዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ መለኪያውም መብራቱም በአንድ ብርድ ነው የተመቱት። በሁለቱም ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሮን ነው።

ቁጥር 16፦ ከሸዋ ሮቢት አንዲት ነርስ ገባች። ጣርማበርን ወርደን ደብረ ሲናን ስናልፍ ጋቢ የምናወልቅበት አገር። የእነሱ ችግር የተገላቢጦሽ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን የት ያኑረው? ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ታስገባለች፤ በመሃላቸው አሸዋ ሞልታ ውኃ ታጠጣዋለች። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለአየሩ ደረቅነት ምስጋና ይግባውና በደንብ ይቀዘቅዛል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡትንም ጠቀሰች። ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚወጣና በሚወርድ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ጉልበቱን አላጣም። በኬንያ ዳዳብ መጠለያ የተመዘገበውን ሙቀት ተከትለው ነው የሞከሩት። ይህ ግን ፀሐይ ላይ ለተተወ ጠርሙስ አይሠራም።

ለእኛ ለደገኞች ያስጠነቀቀችው ሌላ ነው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት። ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ይህን እንዳነበብኩ ተነስቼ የእናቴን ጠርሙስ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ አነሳሁት። አሁን ሳጥኗ ውስጥ በሱፍ ተጠቅልሎ ነው ያለው።

ቁጥር 17፦ አንድ አባት ተበሳጭተው መጡ። ልጃቸው ትኩሳት ይዞት አንድ ቦታ በፈጣን ምርመራ ወባ የለበትም ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ በማይክሮስኮፕ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘበት። ስትሪፕ ሁሉ ውሸታም ነው ብለው ደመደሙ። ቁጣቸው ይገባኛል። የልጅ ነገር ነው።

ቁጥር 18፦ ነርሷ ተመለሰች። አባትዬውን በአክብሮት ነው ያነጋገረቻቸው። የወባ ስትሪፕ ኢንዛይም የለውም። ደሙ ወረቀቱን ተከትሎ ሲሄድ የወርቅ ብናኝ የተሸከሙ ፀረ እንግዳ አካላት የተውሳኩን ፕሮቲን ይይዛሉ፤ ቀዩን መስመር የምናየው ወርቁ ሲከማች ነው። ለፋልሲፓረም በአብዛኛው የሚፈለገው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ ተውሳክ ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራበት ዘረ መል (ጂን) ጎድሎታል። ስለዚህ ስትሪፑ ፊት ተደብቆ ያልፋል። መጀመሪያ ፔሩ፣ ኋላ ኤርትራ፣ ከዚያ የእኛም አገር ድንበር አካባቢዎች ላይ ተገኝቷል። የኢትዮጵያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከ5 በመቶ ካለፈ የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራው እንዲቀየር ይመክራል። የእሳቸው ልጅ ላይ ይህ ይሁን አይሁን ማለት አትችልም፤ ተውሳኩ ገና ጥቂት ሲሆንም ሊያመልጥ ይችላል። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሶ መመርመር ነው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የታየችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ በከተማ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ስለምትራባ ክዳን ግጠሙ አለች።

ቁጥር 19፦ መርፌውን ትታ ጠበል ትግባ የሚል መጣ። ስለ እናቴ ነበር።

ቁጥር 20፦ አንድ ዲያቆን መለሰለት፤ በመላው ክር ውስጥ ከዚህ የጠነከረ ቃል የለም። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆንና ይሞታል። ይህን የመከረ ሰው በነፍስ ይጠየቃል አለ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። እናቴ በየሳምንቱ ጠበል ትጠጣለች፤ መርፌዋንም ትወጋለች። ጸሎቷን አድርሳ ነው የምትወጋው። ማንም ከሁለቱ አንዱን እንድትተው አይንገራት።

ቁጥር 21፦ ስለ ላቡ መልስ አገኘሁ። ላብ ውስጥ ያለው ስኳር ደም ውስጥ ካለው መቶ እጥፍ ገደማ ያንሳል። ቆዳ ላይ ያለ ቆሻሻም ያሳስተዋል። ስለዚህ እስካሁን ለኢንሱሊን መጠን የሚታመን አይደለም። የሚታመነው ክንድ ላይ ተለጥፎ ለ10 ወይም ለ14 ቀን ያህል የሚያነበው ነው። እሱም ቢሆን ሥራውን የሚሠራው በዚያው በሻጋታው ኢንዛይም ነው፤ ከደሙም በደቂቃዎች ይዘገያል።

ቁጥር 22፦ ሁለተኛዋ ተናጋሪ ተመልሳ መለኪያውን ወደ ላብራቶሪ ይዤ እንድሄድ ነገረችኝ። የዓለም አቀፉ መስፈርት እንደሚለው፣ ከ100 በላይ ሲሆን ከመቶ ዘጠና አምስቱ ልኬት ከላብራቶሪው በ15 በመቶ ውስጥ መሆን አለበት። ትናንት እናቴን ይዤ ሄድኩ። በአንድ ጊዜ ተወሰደ። የእኛ መለኪያ 158፣ ላብራቶሪው 149። መለኪያው ደህና ነው።

ቁጥር 23፦ እንዴት አድርገህ ታሞቀዋለህ የሚል ነው። ማታ መለኪያውንና ስትሪፑን፣ ክዳኑ ጠቅ እስኪል ገጥሜ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ እናቴ አልጋ ራስጌ አኖራለሁ። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ ጥቅሉን ከባናው ሥር ታስገባዋለች፤ ሰውነቷን ሳይነካ፣ ከጎኗ ነው። ጸሎቷን እስክታደርስ 20 ደቂቃው ይሞላል። ከዚያ እጇን አስታጥቤ እለካታለሁ። ዛሬ ጠዋትም ውርጭ ነበር። 141 አለ፣ በመጀመሪያው ስትሪፕ።